የበግ ጨው

አትጠጣውም፣ ዛሬ አትጠጣውም፣ ብርጭቆው እንደ ወትሮው መስኮቱ ደፍ ላይ ሞልቶ ተቀምጧል፣ ትናንት ራሷ የሞላችው ነው፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት የለመደ እጅ በአንድ ቀን አይረሳም፣ በበዓል ዋዜማ ይሞላል፣ በበዓል ጠዋት ያነሳል፣ አንድ ጉንጭ፣ ከዚያ አይበልጥም፣ ጥሟን ለመቁረጥ ሳይሆን ጾሟን ለመስበር፣ ጾሟን የሰበረች ሴት አትቆርብማ፣ አንቺ ዛሬም አልቆረብሽም ሲሏት ምን ላድርግ ውሃ ጠጥቻለሁ ትላለች፣ እውነትም ጠጥታለች። ውሸት እንዳይሆንባት። ማርጋኒታ ይህን ስታስብ በአፍንጫዋ ትስቃለች፣ እንደ ተራራ የሚያህል ውሸት ላይ ጎጆ ቀልሳ የምትኖር ሴት ስለ አንድ ጉንጭ ውሃ እውነተኛ ልሁን ትላለች፣ ከዚህ የባሰ ቀልድ የት አለ፣ እግዚአብሔርም የሰማው እንደሆነ ፊቱን አዙሮ ሳይስቅ አልቀረም። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት፣ ልጆቿ ባሕር ማዶ፣ ጉልበቷ ደረጃ ሲያይ የሚሰንፍ፣ አፏ አሁን ደረቅ ነው፣ ምላሷ ላንቃዋ ላይ ይጣበቃል፣ ይጣበቅ፣ ብርጭቆው እዚያው ይቀመጥ፣ ነጠላ ጫማዋን ትፈልጋለች።

ጸሎተ ሐሙስ ነው፣ እርሾው የሚታደስበት ቀን። ማልካ ይሉታል የመንደሩ ሰዎች በቋንቋቸው፣ ንጉሡ ማለት ነው፣ አንዲት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ያለ ጭብጥ የማይሞላ ዱቄት፣ ጌታ በመጨረሻው ራት ከቆረሰው ላይ የተረፈች ቁራሽ ናት መጀመሪያው፣ ከሐዋርያ ወደ ቄስ፣ ከቄስ ወደ ቄስ፣ በየዓመቱ በዚህ ቀን አዲስ ዱቄትና ጨውና ዘይት እየተጨመረባት ሳትቋረጥ መንደራቸው ቢርሲና ድረስ ደርሳለች፣ በየእሑዱ ለቁርባን በሚቦካው ሊጥ ውስጥ ከእሷ አንድ ቆንጥር ካልገባ ያ እንጀራ እንጀራ ነው እንጂ ሌላ ነገር አይደለም። ሌላው ሕዝብ ግንብ አለው፣ መንግሥት አለው፣ ወርቅ ያለበት መስቀል አለው። ቢርሲናዎች ይህ አላቸው። ሌላ የላቸውም። አላቸው? ዛሬ ከቀትር በኋላ ማርጋኒታ ከሴቶቹ መካከል ተነስታ ማሰሮውን በሁለት እጇ ይዛ እመቅደሱ ደረጃ ሥር ትቆማለች፣ ሽማግሌው ቄስ ዴንሃ ከመጋረጃው ወጥተው ይጠይቋታል፣ ንጉሡ ከወንዙ ወጣ? ወጣ ትላለች፣ ሕዝቡ ሃሌ ሉያ ይላል፣ ከየቤቱ የመጣው ዱቄት ይፈሳል። ከስደት ከተመለሱ ወዲህ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ለአባቷ። ሠላሳ ሁለት ጊዜ ወጣ ብላለች። አልወጣም። ንጉሡ ወንዝ ውስጥ ቀርቷል።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ያለው ማን ይሆን፣ የእሷ እያደር ከበደ እንጂ፣ በመጀመሪያ ጊዜ እንደ ላባ ነበረች፣ አንዲት ቃል፣ ትንሽ ናት ብላ ነበር፣ እርሾም ትንሽ ናት። ትናንት ሰርጎን የሚባለው ሰው ባይመጣ ኖሮ ምናልባት ዛሬም ትጠጣው ነበር። ሰርጎን ከሜዳው ከተማ የመጣ ዲያቆን ነው፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ጢሙ የተከረከመ፣ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ከቢርሲና እርሾ ቆንጥሮ ሊወስድ የብር ሳጥን ይዞ መጥቷል፣ ቤቷ ድረስ መጥቶ እጇን ስሞ ሻይ ጠጣ፣ ከዚያ ስልኩን አወጣና እናቴ እስቲ ይህን እዪ አላት፣ የአዲሱ አዳራሽ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳው ላይ ወንዝ ተስሏል፣ ወንዙ ውስጥ አንዲት ልጅ፣ ወገቧ የንብ ወገብ፣ ዓይኗ ሰማያዊ፣ ማሰሮ ከራሷ በላይ አንስታለች፣ ከማሰሮው ብርሃን ይወጣል። አንቺ ነሽ፣ አለ ሰርጎን፣ ልጆቻችን በየእሑዱ ከፊትሽ ቆመው ይዘምራሉ። እሷም ያን ሁሉ አይታ ከአፏ የወጣው፣ ዓይኔ ቡናማ ነው። ሰርጎን ሳቀ፣ ሠዓሊው አላየሽማ እናቴ አለ። አላያትማ። ማን አያት። ቢርሲና ውስጥ ውሸቱ የእሷ ነበር፣ እንደ ቤት ድመት አብሯት ይተኛል፣ አሁን ግን ግድግዳ ላይ ወጣ፣ በብር ሳጥን ሊጓዝ ነው፣ የማታውቃቸው ልጆች ሊዘምሩለት ነው፣ ከዚያ ከተማ ደግሞ ወደ ሌላ ከተማ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እሷ ሞታ በስብሳም ይቦካል።

ማርጋኒታ ዱቄቷን በመሐረብ ቋጥራ ትወጣለች፣ ቁልቁለቱ ላይ የዋልነት ዛፉ ገና ቅጠል እያወጣ ነው፣ ከየቤቱ ኩሊቻ የሚሉት በተምር የተሞላ የፋሲካ ብስኩት ሽታ ይመጣል፣ ጠምቷታል፣ በዱላ ወገቧን ደግፋ ኤሊሽዋ ከጎረቤት ትወጣለች፣ ሰማንያ አራት ዓመቷ፣ አንዲት ጥርስና ሁለት ሰው የሚበቃ ምላስ ያላት። አንቺ ልጅ፣ ውሃሽን ጠጣሽ? አልጠጣሁም እትዬ። ምን አልሽ? አልጠጣሁም። ኤሊሽዋ ትቆማለች፣ ከእግር እስከ ራሷ ትመለከታታለች፣ አመመሽ እንዴ? ደህና ነኝ። እህ፣ እንግዲያ ልትቆርቢ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሆዷ አንድ ጠዋት አይታገስላትም እያልን ስንቦጭቅሽ ኖረን፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ ብትጸድቂ ምን ነበረበት፣ ወሬ አሳጣሽኝ። ማርጋኒታ ትላለች፣ የተሻለ ወሬ እሰጥሻለሁ። ኤሊሽዋ ሳቀች፣ እስቲ እናያለን፣ ክንዴን ያዢኝ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል።

ያንሸራትታል። ድንጋዩ ነው ያንሸራተታት፣ እንደዚያ እያለች ለራሷ ስትነግረው ኖራለች፣ ድንጋዩ ሳይሆን እሷ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ ወታደሮቹ ከሸለቆው ግርጌ ቤት እያቃጠሉ ሲመጡ ወንዶች ይፈተሻሉ ተባለ፣ አባቷ ዲያቆን ኦሻና ማሰሮውን ከመቅደስ አውጥቶ አፉን በሰም ደፍኖ በቀሚሷ ሥር ሆዷ ላይ በገመድ አሰረው፣ ሴት እመቅደስ አትገባም፣ መቅደሱ ግን ወደ ሴት ገባ፣ ልጄ ብትሞቺም አትፍቺው አላት። ፈታችው። ገመዱ ቆዳዋን ላጠው፣ ከባድ ነው፣ ያሳክካል፣ ወንዙ ጋ ስትደርስ ማንም ሳያይ ፈትታ ከሙሽራ ብርድ ልብሷ ጋር ጠቀለለችው፣ ጥቅሉን ራሷ ላይ አደረገችው፣ በረዶ የሚቀልጥበት ወር ነው፣ የዛብ ወንዝ እንደ ተቆጣ በሬ ይመጣል፣ መሃል ላይ እግሯ ከዳት፣ ጥቅሉ ሄደ። ብርድ ልብሱን ቁልቁል ወርዳ ከቀጋ ቁጥቋጦ ላይ ለቀመችው፣ ማሰሮውም አለ፣ አልተሰበረም፣ ሰሙ ግን ተነስቷል፣ ስታዘነብለው እንደ ቀጭን ወተት ነጭ ውሃ ወጣ፣ በጠጠር መካከል ሄዶ ጠፋ። ይኸው ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ፣ ይህን ሁሉ ንጉሥና ይህን ሁሉ ሰይፍ አልፎ የመጣ ነገር፣ አንዲት ልጅ ሆዴን አሳከከኝ ስላለች።

ከወንዙ ማዶ ባዶ የእረኛ ዳስ ነበር፣ በዳሱ አንድ አቁማዳ ሥር እፍኝ ዱቄት፣ በራፉ ላይ በጎች የሚልሱት ጨው፣ ምራቃቸው የደረቀበት፣ ጸጉር የተጣበቀበት ድንጋይ ጨው። ፈቀፈቀችው። በዱቄት አሸችው፣ ዘይት አልነበረም፣ በእጇ ላብ ነው። ማሰሮውን በእሳት አድርቃ ሞላችው፣ ሰሙን መልሳ ደፈነችው፣ ለምን እንዳደረገችው እንኳ አታውቅም፣ ባዶ ማሰሮ ማየት ስላልቻለች ነው እንጂ ለመዋሸት ብላ አይደለም፣ ተይ እንግዲህ፣ ለመዋሸት ነው። በማግስቱ አባቷ በሌላ መሻገሪያ ዞሮ ደረሰ፣ ባልሽ አለ አላላትም፣ ግንባርሽን ምን መታው አላላትም፣ ንጉሡ ከወንዙ ወጣ? አለ። ወጣ፣ አለች። በበረዶው ላይ ተንበረከከ፣ ሁለቱን እጆቿን ሳማቸው፣ ጨው የፈቀፈቁትን ጣቶች፣ ሴት ልጁን አንድ ቀን ስሞ የማያውቅ ሰው ነበር። ያ መሳም ነው አፏን የዘጋው። ነገ እነግረዋለሁ አለች፣ ሲሻለው እነግረዋለሁ አለች፣ ድንኳን ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላ ማሰሮውን ራስጌው አድርጎ እየሳቀ ሞተ፣ ከስደት ሲመለሱ አጽሙን አምጥተው ቢርሲና ቀበሩት። ሐናንያና ሰጲራ በዋሹባት ሰዓት ወድቀው ሞቱ፣ እሷን ግን ማንም አልቀሰፋት፣ አኖራት እንጂ፣ ምሕረት ይሁን ቅጣት ብዙ መጽሐፍ አገላብጣ አላገኘችውም።

ያን ሁሉ ዓመት መድኃኒቱ የት እንዳለ ታውቃለች፣ ከሁሉ የሚመረው ይህ ነው። ሰባት ዓመቷ ሳለ ከተራራው ጀርባ ኩርካና የምትባል መንደር ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጥሎ እርሾዋ አመድ ሆነ፣ አባቷ ከቢርሲናው ማሰሮ ቆንጥሮ በበቅሎ ወሰደላቸው፣ እሷን ከፊቱ አስቀምጦ፣ መንገዱ ሙሉ ቀን ፈጀ፣ ዘቢብ ሰጧት። ስለዚህ ወንዙ ውስጥ ከመውደቁ በፊት የተከፈለው እውነተኛው ንጉሥ ኩርካና ውስጥ ደህና ተቀምጧል፣ አሁን በመኪና ሰዓት ተኩል ነው፣ ሰዓት ተኩል፣ ሄዶ ስጡን ማለት ነው። ለምን ይሏችኋል ግን፣ ምን ሆነባችሁ ይሏችኋል። መድኃኒቱ ሰዓት ተኩል ቢርቅም ከእሷ እስከ እሱ ድረስ አንዲት ቃል ቆማለች፣ ያችን ቃል መዋጥ አልቻለችም፣ ለሠላሳ ስድስት ዓመት በውሃ ልታወራርዳት ሞከረች።

ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቷል፣ ወንዶች በስተቀኝ፣ ሴቶች በስተግራ፣ ሰርጎን የብር ሳጥኑን ደረቱ ላይ አቅፎ ከፊት ቆሟል፣ አሁን የምሯን ጠምቷታል፣ ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ ዝማሬው በጆሮዋ እንደ ወንዝ ይሄዳል፣ የመንደሩ ዲያቆን ማሰሮውን አምጥቶ ይሰጣታል፣ ያው ማሰሮ፣ ጆሮው ላይ ያለችው ጭረት፣ ክብደቱ፣ ሕዝቡ መንገድ ይለቅላታል፣ አንዲት ሴት ሕፃን ልጇን አንስታ እያት ያቻት ትላለች፣ ተይ አታሳያት። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ነው የካደው፣ ዶሮው ጮኸለት፣ ሳይነጋ አልቅሶ ተገላገለ፣ የእሷ ዶሮ ሠላሳ ሁለት ጊዜ አልፏታል። ደረጃው። ቄስ ዴንሃ ከመጋረጃው ይወጣሉ፣ ሰማንያ ዓመታቸው፣ ድምፃቸው ግን ገና ሙሉ ነው። ንጉሡ ከወንዙ ወጣ?

ሁሉም ይጠብቃል፣ ሃሌ ሉያው ጉሮሮ ውስጥ ተዘጋጅቷል፣ አንድ ሽማግሌ ቀድሞ ሃ ብሎ ያቆማል። አሁንም ይቻላል። አንድ ቃል ነው፣ አርጅቷል፣ ለስልሷል፣ በራሱ ይወጣል፣ ማንም አይጎዳም፣ አባትሽ በሰላም ተኝቷል፣ ሰርጎን በደስታ ይመለሳል፣ አንቺ ደግሞ ለስንት ቀን ነው የምትኖሪ፣ ይሄ የማን ድምፅ ነው፣ ታውቀዋለች፣ በየዓመቱ ከብርጭቆው ጋር የሚያወራው ነው፣ ሁልጊዜ ስለ ሌላ ሰው ያስብላታል፣ ሁልጊዜ ደግ ነው፣ ምላሷን ከላንቃዋ ታላቅቃለች።

አልወጣም፣ ትላለች።

ቄስ ዴንሃ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን ያቀርባሉ፣ ልጄ? አልወጣም አባቴ፣ ወንዝ ውስጥ ቀርቷል፣ ገመዱን እኔ ፈታሁት፣ ይህ ውስጡ ያለው እኔ ከእረኛ ዳስ የጠረግሁት ዱቄት ነው፣ ጨውም የበግ ጨው ነው፣ ሲልሱት የነበረ፣ አባቴ አያውቅም፣ ባሌ አያውቅም፣ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ዋሽቻለሁ። አለቀ። እንዲህ አጭር ነው? ያን ሁሉ ዓመት የተሸከመችው ሲነገር ሦስት ትንፋሽ አልሞላም። ከወንዶቹ በኩል የአጎቷ ልጅ ሻቦ፣ ድምፁ የተሰበረ፣ አባትሽን እንደ ጻድቅ ቀበርነው፣ እኔ ነኝ የተሸከምኩት፣ ዛሬ ቆፍረሽ አወጣሽው፣ ምነው አፍሽን ይዘሽ ብትሞቺ። ማርጋኒታ ወደ እሱ ትዞራለች። ሻቦ፣ አባቴ አልዋሸም፣ እሱ የሰማውን አምኖ ሞተ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ መቃብሩን ተውና እኔን ስደበኝ፣ ይኸው ቆሜልሃለሁ። ሻቦ ቆቡን ያነሳና በሩን ገፍቶ ይወጣል፣ በሩ እየተወዛወዘ ይቀራል።

አንዲት ሴት ታለቅሳለች፣ ልጆቼ ሁሉ በዚህ ነው የቆረቡት፣ እናቴ በዚህ ነው የተሰናበተችው፣ ምን ልንሆን ነው አባ? ቄስ ዴንሃ ከደረጃው ላይ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ፣ እንደ ማንኛውም ደጃፍ ላይ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ። እግዚአብሔር ያደረገውን እሱ ያውቃል ይላሉ፣ የተራበ ልጁ ተሳስቶ የያዘውን ሳህን ከእጁ የሚነጥቅ አባት አላውቅም፣ እኛ ያደረግነውን ግን ዛሬ አወቅን፣ ከእንግዲህ አላወቅንም ማለት አንችልም። ከዚያ ወደ እሷ፣ ለምን ዛሬ? በግድግዳ ላይ ሳሉኝ፣ ትላለች፣ ዓይኔንም ሰማያዊ አደረጉት። ሰርጎን ራሱን ይደፋል፣ ጆሮው ቀልቷል፣ ያኔ ነው ከሴቶቹ በኩል የኤሊሽዋ ድምፅ የሚመጣው፣ እንግዲህ ቄሱ በየስብከቱ በጎቼ በጎቼ ሲሉን የኖሩት ለካ ሳያውቁት እውነት ነበር። አንድ ሰው ያፈናል፣ አንድ ሰው ያመልጠዋል፣ ከዚያ ሳቁ እንደ ጎርፍ ከግራም ከቀኝም ይመጣል፣ የሚያለቅሰውም ይስቃል፣ የተቆጣውም ተቆጥቶ ይስቃል፣ ቄሱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፣ የበግ ጨው ይላሉ፣ የበግ ጨው፣ ጌታ ሆይ። ማርጋኒታ ማሰሮውን እንደያዘች ናት። አትስቅም፣ አታለቅስም፣ አንድ የማታውቀው ነገር ደረቷ ውስጥ ተዘርግቷል፣ ሰፊ ነው፣ ለስንት ዘመን የታጠፈ ጨርቅ ሲዘረጋ እንደሚያንቋቋ ያንቋቋል።

ቄሱ በክንዳቸው ተደግፈው ይነሳሉ። ይህ ዱቄት አይጣልም፣ ብዙ ጸሎት ሰምቷል፣ በኦሻና መቃብር አጠገብ ይቀበራል፣ ማሰሮው ይጠረግ። ሰርጎን፣ ኩርካና በአንተ መኪና ስንት ነው? ሰዓት ተኩል አባታችን። እንግዲያ እኔ ሄጄ እለምናቸዋለሁ። አይሆንም አባቴ፣ ትላለች፣ የጠፋው በእኔ ነው፣ እኔ እሄዳለሁ። ኩርካናዎችን ታውቂያቸዋለሽ፣ ለሰባት ትውልድ ነው የሚስቁብን። ይሳቁ። ቄሱ ያዩዋታል፣ ሂጂ ይላሉ፣ ከዚያ ወደ ሕዝቡ፣ የሚቸኩል ይሂድ፣ እኔ ግን ሳይመጣ ቅዳሴ አልገባም። ማንም አይነሳም። ኤሊሽዋ ብቻ፣ አንቺ፣ ቶሎ ተመለሽ፣ እኔ ጾሜን ነኝ፣ እሞትብሻለሁ።

መኪናው ጠመዝማዛውን ይወጣል፣ ባዶው ማሰሮ ጭኗ ላይ ነው፣ ያ በበቅሎ ሙሉ ቀን የፈጀ መንገድ እንደ ክር ይጠቀለላል፣ ሰርጎን በመጨረሻ፣ እናቴ፣ ሥዕሉን ምን እናድርገው? አጥፉት፣ ትላለች፣ ወይም ተዉት፣ ግን ማሰሮውን ከእጇ አውርዳችሁ ወንዙ ላይ ሳሉት፣ ልጅቱም ዓይኗ ቡናማ ይሁን። ሰርጎን ከቢርሲና ከወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ይስቃል፣ እሱን ነው መዘመር የሚገባን ይላል። ኩርካና። የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ የመንደሩ ቄስ ቆሟል፣ ወፍራም፣ ስልሳ የሚሆነው፣ የእነሱን እርሾ አሁን አድሶ እስከ ክንዱ ድረስ በዱቄት ነጭ ሆኖ፣ እሷም ወርዳ ሰላምታ ሳታበዛ እዚያው ደጃፍ ላይ ትነግረዋለች፣ ወንዙን፣ ገመዱን፣ ጨውን፣ ሁለተኛው ቀለለ፣ ለካ የሚቀለው ውሸት ሳይሆን ይህ ነው። ቄሱ ዓይኑን አጥብቦ ያያታል። ኦሻና በበቅሎ ያመጣልን ጊዜ እኔ እዚህ ግንብ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ከበቅሎው ፊት የተቀመጠች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣ ዘቢባችንን የጨረሰች ልጅ ነበረች። እኔ ነኝ፣ ትላለች። አንቺ ነሽ? እኔ ነኝ። ቄሱ ማሰሮዋን ይቀበላል፣ ሊገባ ሲል ይዞራል፣ የእኛ መስሎሽ እንዳትለምኚኝ፣ የእናንተ አደራ ነው፣ ሳይጎድል ተቀምጧል፣ ግን እናንተ ቢርሲናዎች፣ አደራችሁን ለመውሰድ ትንሽ አልዘገያችሁም? ዘገየን፣ ትላለች፣ መንገዱ ሩቅ ነበር። ሰዓት ተኩል ነው እኮ። አዎ። ሰዓት ተኩል ነው።

ሲመለሱ ዛብ ከታች ይታያል፣ አሁን ድልድይ አለው፣ አቁምልኝ ትላለች፣ ሰርጎን ያቆማል። የተደፈነውን ማሰሮ ነጠላዋን ገመድ አድርጋ ሆዷ ላይ ታስረዋለች፣ አባቷ እንዳሰረው፣ ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ ባልቴት በጠራራ ፀሐይ መንገድ ላይ ቆማ ሆዷን ታስራለች፣ የጭነት መኪና ነጂ ጥሩንባውን ያስጮህባታል፣ ያስጩህ። ትሄዳለች። ከሥሯ ውሃው ቡናማ ነው፣ በረዶ ይዞ ይመጣል፣ ያው በሬ ነው፣ አላረጀም፣ ድምፁም ያው ነው፣ ገመዱ ቆዳዋን ይልጠዋል፣ ያሳክካል፣ ያሳክክ፣ ጠምቷታል፣ ከእግሯ በታች ይህ ሁሉ ውሃ እየሄደ ጠምቷታል፣ እንደዚህ ደስ ብሏት ጠምቷት አያውቅም፣ አባዬ እይ፣ አልፈታሁትም፣ ትላለች ጮክ ብላ፣ ወንዙ ይሰማ እንደሆነ ይስማ፣ ድልድዩ መቶ እርምጃ ነው፣ መቶ እርምጃ ለመሻገር ሠላሳ ስድስት ዓመት የፈጀባት ሴት ማዶ ትደርሳለች፣ ጫማዋ ደረቅ ነው።

ቢርሲና ሲደርሱ ፀሐይ ወደ ተራራው ዘንበል ብላለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ክፍት ነው፣ ሕዝቡ እንዳለ ነው፣ ሕፃናት ወለሉ ላይ ተኝተዋል፣ ሻቦ በራፉ ላይ ቆሟል፣ ወደ ውስጥ አልገባም፣ ወደ ቤቱም አልሄደም፣ ፊቱን አያዞርላትም፣ በሩን ግን በሰፊው ይይዝላታል፣ ትልቁን በር፣ በእጁ፣ እስክታልፍ ድረስ። ይህም ይበቃል ለዛሬ። በወንዶችና በሴቶች መካከል ባለው መንገድ ትሄዳለች፣ ማሰሮው ሆዷ ላይ ነው፣ ማንም አያጨበጭብም፣ ማንም እያት አይልም፣ ኤሊሽዋ ብቻ በአንዲት ጥርሷ፣ ደረስሽ፣ ልጽፍልሽ ነበር ኑዛዜ፣ ትላለች በሹክሹክታ። ቤት ውስጥ መስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ እንዳለ ነው፣ ማታ ትጠጣዋለች፣ ሙሉውን፣ ከዚያ በፊት ግን ሌላ የምትቀምሰው አላት። ደረጃው። ቋጠሮውን አትፈታም፣ ይጠይቋት እስቲ መጀመሪያ። ቄስ ዴንሃ ከመጋረጃው ይወጣሉ፣ እንደማንኛውም ዓመት፣ እንደ አዲስ።

ንጉሡ ከወንዙ ወጣ?

አትቸኩልም። ቃሉን በደረቀው ምላሷ ላይ ታገላብጠዋለች፣ ያው ቃል ነው፣ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ያለችው፣ አንድ ጊዜም ጣዕሙን ያላወቀችው፣ አሁን አፏን ይሞላዋል፣ ጨው ጨው ይላል፣ ንጹሕ ጨው።

ወጣ፣ ትላለች።